ሙሉ በሙሉ የሚታወቅ ማሽን

ተነጋጋሪዎቹ፦ መምህር፣ ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩ የኖሩ፤ ተማሪ፣ ዛሬ ሶፍትዌር በመጻፍ የምትተዳደር የቀድሞ ተማሪያቸው። በምልልሱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪ፦ መምህር፣ ነገሩን ሳላዞር ልጠይቅዎ። ዛሬ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ትራንዚስተር በቢሊዮን ይቆጠራል። እርስዎ ግን የፕሮሰሰርን አሠራር ማወቅ የፈለገ ሰው ከ6502 ይጀምር ይላሉ። በ1975 ለገበያ የቀረበ ቺፕ ነው። ከታሪክ አጥኚ በቀር ለማን ይጠቅማል?

መምህር፦ ላንቺ ይጠቅማል። በየቀኑ ኮድ ትጽፊያለሽ፤ የጻፍሽው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ምን ሆኖ እንደሚፈጸም ግን አይተሽ አታውቂም። የዛሬውን ፕሮሰሰር ከፍቼ ልየው ብትይ ዕድሜሽ አይበቃም። የሠሩት መሐንዲሶች እንኳ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የየድርሻቸውን ነው። 6502ን ግን አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊያውቀው ይችላል። ያሉት ትራንዚስተሮች አራት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ናቸው። እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ፣ ከምን ጋር እንደተያያዙ፣ ምን እንደሚሠሩ ይታወቃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እዚህ ሥሩ ድረስ መውረድ ይቻላል።

ተማሪ፦ ይታወቃል ሲሉ፣ የፋብሪካው ንድፍ ታትሞ ወጥቷል ማለትዎ ነው?

መምህር፦ አይደለም፤ የታወቀው ቺፑን ራሱን በማየት ነው። በ2009 ግሬግ ጄምስ፣ ባሪ ሲልቨርማንና ብራያን ሲልቨርማን አንድ 6502 ወስደው መሸፈኛውን አነሱለትና ሲሊከኑን አወጡት። በማይክሮስኮፕ ክፍል በክፍል ፎቶ አነሱት። ፎቶዎቹን ገጣጥመው እያንዳንዱን መስመር በኮምፒውተር እየተከተሉ ሣሉት። ከሥዕሉም የትኛው ትራንዚስተር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚናገር ዝርዝር አወጡ። ያንን ዝርዝር የሚያሰላ ፕሮግራም ጽፈው የ6502 ኮድ ቢሰጡት፣ ኮዱ ልክ በእውነተኛው ቺፕ ላይ እንደሚሄደው ሄደ።

ተማሪ፦ ይህ ግን ኢሙሌተር ነው። እኔም የድሮ ጌም በላፕቶፔ ላይ አጫውታለሁ።

መምህር፦ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንቺ የምትጠቀሚውን ኢሙሌተር የጻፈው ሰው መመሪያውን አንብቦ "ይህ ትእዛዝ ይደምራል፣ ያኛው ያነባል" ብሎ ጽፎለታል። ለእነዚህ ሰዎች ፕሮግራም ግን ስለ መደመር የነገረው የለም። የተነገረው ይህ ትራንዚስተር ከዚያ መስመር ጋር ተያይዟል የሚለው ብቻ ነው። መደመሩ ከአያያዙ መጣ። እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በቺፑ ውስጥ ከአቀማመጥ በቀር ሌላ ምንም የተደበቀ ነገር የለም።

ተማሪ፦ እንግዲያው አቀማመጡን ያሳዩኝ። ፎቶው ላይ ምን አያለሁ?

መምህር፦ የመጀመሪያው 6502 ሲሊከን 3.9 በ4.3 ሚሊሜትር ነበር። ዳር ዳሩን ወደ አርባዎቹ እግሮች የሚወስዱ የብረት መርገጫዎች ተደርድረዋል። ከላይ በኩል በሥርዓት የተሰለፈ ሰፊ ክፍል አለ፤ ትእዛዝ የሚፈታው እሱ ነው። ከታች በኩል ስምንት ተመሳሳይ ረድፎች ታያለሽ፤ ለስምንቱ ቢቶች አንድ አንድ ረድፍ መሆኑ ነው። ቁጥር የሚያዝባቸው ሬጂስተሮችና መደመሪያው እዚያ ናቸው። በመካከል ያለው ደግሞ ሥርዓት የሌለው የሚመስል ጥልፍልፍ ነው። ከላይ የተፈታውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለታችኛው ክፍል "አሁን ይህን በር ክፈት፣ ያኛውን ዝጋ" የሚል ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው።

ተማሪ፦ አንዷን ትራንዚስተር ብቻ ነጥለው ቢያሳዩኝስ?

መምህር፦ ጥሩ፣ ጠጋ ብለን እንይ። ከሁሉ ታች ሲሊከኑ አለ። በእሱ ላይ ባዕድ አቶም እንዲገባበት ተደርጎ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር ተሠርቷል፤ ዲፊውዥን ይሉታል። ከዚያ በላይ ፖሊሲሊከን የሚባል ሌላ መስመር ያልፋል። ከሁሉ በላይ የአሉሚኒየም መስመሮች አሉ። እንግዲህ ፖሊሲሊከኑ ዲፊውዥኑን አቋርጦ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ትራንዚስተር ይፈጠራል። ሁለት መስመሮች ተሻገሩ፣ በቃ። በሚሻገሩበት ቦታ በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ የሲሊከን ኦክሳይድ ንጣፍ ስላለ አይነካኩም። ፖሊሲሊከኑ ቀድሞ ስለሚነጠፍ ባዕዱ አቶም ከሥሩ አይገባም፤ ስለዚህ የታችኛው መንገድ እዚያ ላይ የተቆረጠ ነው። ፖሊሲሊከኑ 5 ቮልት ሲያገኝ ግን ኤሌክትሮኖችን ወደ ሥሩ ይስባል፣ የተቆረጠው መንገድም ይቀጠላል። ቮልቱ ሲነሳ መንገዱ መልሶ ይቆረጣል።

ተማሪ፦ ስፋቱስ?

መምህር፦ በዚያ ዘመን 6502 የተሠራበት መለኪያ 8 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር 125ኛ ማለት ነው። በተማሪ ቤት ማይክሮስኮፕ ይታያል። የዛሬዎቹ ትራንዚስተሮች በብርሃን ከሚታየው መጠን በታች ወርደዋል፤ እነሱን በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም።

ተማሪ፦ እሺ፣ መንገድ የሚቀጥልና የሚቆርጥ ነገር አገኘን። ከዚህ ወደ ማሰብ እንዴት ይደረሳል?

መምህር፦ ማሰብ አንበለው፤ ማስላት እንበለው። ሁለት ትራንዚስተር ውሰጂ። አንዱ ሁልጊዜ በጥቂቱ የሚያስተላልፍ ሆኖ ተሠርቶ ውጤቱን ወደ 5 ቮልት ይጎትታል። ሁለተኛው ውጤቱን ከዜሮ ቮልት ጋር ያገናኛል። ለሁለተኛው 1፣ ማለትም 5 ቮልት፣ ስትሰጪው መንገዱ ይቀጠልና ውጤቱ ወደ 0 ይወርዳል። 0 ስትሰጪው ይቆረጣል፣ ጎታቹ ያሸንፍና ውጤቱ 1 ይሆናል። ይህ ገልባጭ ነው። አሁን ከታች በኩል አንድ ሌላ ትራንዚስተር ጎን ለጎን ጨምሪ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ 1 ካገኘ ውጤቱ 0 ነው፤ ውጤቱ 1 የሚሆነው ሁለቱም 0 ሲሆኑ ብቻ ነው። አንቺ በኮድሽ ኖር የምትይው ሎጂክ ይህ ነው። ከእሱ ብቻ ሌላውን ሎጂክ ሁሉ መገንባት እንደሚቻል ታውቂያለሽ። በ6502 ውስጥ መንገድ የሚቆርጡና የሚቀጥሉት 3,510 ናቸው፤ ጎታቾቹ 1,018። ቆጠራው በዚያው ያበቃል።

ተማሪ፦ ቁጥር የሚያዘውስ በምን ነው?

መምህር፦ በቅንጣት ቻርጅ። ፖሊሲሊከኑ ላይ የገባ ቻርጅ መውጫው ሲዘጋበት ለአጭር ጊዜ እዚያው ይቆያል። ነገር ግን ይፈሳል። ስለዚህ የቺፑን ሥራ በምት የሚያስኬደው ክሎክ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ ሬጂስተሮቹ የያዙትን ለራሳቸው መልሰው ይጽፋሉ። የዚያን ዘመን 6502 ክሎኩን ብታቆሚበት የያዘውን ይረሳል። ምክንያቱን ግን አየሽው፤ ጣትሽን አድርገሽ "እዚህ ጋ ይፈሳል" ማለት ትችያለሽ።

ተማሪ፦ ይህን ሁሉ በምን ሣሉት? በ1975 ቺፕ የሚነድፍ ሶፍትዌር ነበር?

መምህር፦ በእርሳስ ነው። ንድፉ መቶ በመቶ በሰው እጅ፣ በትልልቅ ሉሆች ላይ ተሣለ። እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚያስከብረው የሠዓሊው ዓይን ነበር። ከዚያ በፎቶግራፍ እየተቀነሰ ወደ ትክክለኛ መጠኑ ይወርዳል። ከዋነኞቹ ነዳፊዎች አንዱ ቢል ሜንሽ ነው። ዛሬ እኛ ፕሮግራም አሂዶ ስህተት መፈለግ ለምደናል፤ እነሱ ስህተቱን ያገኙት ከሆነ ሉሁ ላይ በዓይናቸው ነው፣ ካልሆነ ደግሞ ሳምንታት ወስዶ ተሠርቶ በመጣ ሲሊከን ላይ ነው።

ተማሪ፦ ግን የመጀመሪያው ፕሮሰሰር የኢንቴል አይደለም እንዴ? ለምን ከእሱ አልጀመሩም?

መምህር፦ ለኢንቴል ክብሩን እንስጥ። ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ካልኩሌተር አምራች ለምርቶቹ የሚሆኑ ልዩ ልዩ ቺፖች እንዲሠሩለት ጠይቆ ነበር። ቴድ ሆፍ ለየሥራው የተለየ ቺፕ ከመሥራት ይልቅ ትእዛዝ እያነበበ የሚፈጽም አንድ ቺፕ ሠርቶ የካልኩሌተሩን ጠባይ በፕሮግራም መስጠት እንደሚሻል አሰበ፤ ስታን ሜዘርም አብሮት ሠራ። ሐሳቡን ወደ ሲሊከን ያወረደው ግን ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፋጂን ነው፤ ከቢዚኮም የመጣው ማሳቶሺ ሺማ እያገዘው። ቅድም የነገርኩሽን፣ ፖሊሲሊከኑን ቀድሞ የማንጠፍ ዘዴ፣ ፋጂን ቀደም ሲል ፌርቻይልድ በተባለው ኩባንያ ሳለ አዳብሮት ነበር። በኖቬምበር 1971 4004 ታወጀ፤ 2,300 ትራንዚስተር፣ አራት ቢት። ፋጂን የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት ሲሊከኑ ላይ ቀርጿል፤ በማይክሮስኮፕ ዛሬም ይነበባሉ።

ተማሪ፦ ታዲያ ለምን 6502?

መምህር፦ የፕሮሰሰርን አሠራር ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰር የሁሉ ሰው እንዴት እንደሆነም ስለሚያሳይ ነው። በ1974 ኢንቴል 8080ን፣ ሞቶሮላ 6800ን አወጡ። ዋጋቸው አንዱን ብቻ ለሚገዛ ሰው 360 ዶላር ነበር። በሞቶሮላ ይሠራ የነበረው ቸክ ፔድል ደንበኞችን እየዞረ ሲያነጋግር ሁሉም ነገሩን ይወዱታል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣቸዋል። ርካሽ ፕሮሰሰር እንሥራ የሚለው ሐሳቡ በኩባንያው ተቀባይነት ሲያጣ ሜንሽንና ሌሎች ባልደረቦቹን ይዞ በፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው ሞስ ቴክኖሎጂ ወደተባለ አነስተኛ ኩባንያ ሄደ።

ተማሪ፦ ዋጋን በነጋዴ ውሳኔ መቀነስ ይቻላል። የንድፍ ጉዳይ የሆነው እንዴት ነው?

መምህር፦ ቺፖች የሚሠሩት ለብቻ ለብቻ ሳይሆን በአንድ ክብ የሲሊከን ገበታ ላይ ብዙ ሆነው ነው፤ በኋላ ይቆራረጣሉ። ገበታው ላይ እዚህም እዚያም እንከን አይጠፋም። ድፎ ዳቦ ውስጥ አምስት ጠጠር ገባ እንበል። ዳቦውን ስድስት ቦታ ብትቆርሺው ከጠጠር የሚተርፈው ቁራሽ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። መቶ ቦታ ብትቆርሺው ግን ቢያንስ ዘጠና አምስቱ ደህና ናቸው። ስለዚህ ቺፑን ማሳነስ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ከአንድ ገበታ ብዙ ታገኛለሽ፣ ካገኘሽውም የሚበላሸው ድርሻ ያንሳል። የሞቶሮላው 6800 ስፋት 29 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ 6502ን ወደ 16.6 አወረዱት።

ተማሪ፦ ምን ቀንሰው?

መምህር፦ 6800 የስሌት ውጤት የሚያዝባቸው፣ አኪውሙሌተር የሚባሉ ሁለት ሬጂስተሮች ነበሩት፤ አንዱን አስቀሩ። 16 ቢት የነበረውን የኢንዴክስ ሬጂስተር ኤክስና ዋይ በሚባሉ ሁለት ባለ 8 ቢት ሬጂስተሮች ተኩ። የተቀነሰውን እያንዳንዱን ነገር የሚተካ ብልሃት ደግሞ ፈለጉ። በሴፕቴምበር 1975 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ዌስኮን በተባለው ኤግዚቢሽን 6502ን በ25 ዶላር ሸጡት። በአዳራሹ ውስጥ መሸጥ ስለማይፈቀድ ሆቴል ክፍል ተከራይተው ቺፖቹን በብርጭቆ ዕቃ ሞልተው ነበር የሚሸጡት። ስቲቭ ዎዝኒያክ አፕል አንድንና አፕል ሁለትን በእሱ ሠራ። ኮሞዶር ኩባንያውን ራሱን በ1976 ገዛውና ፔት የተባለውን ኮምፒውተር፣ በኋላም ኮሞዶር 64ን በዚሁ የቺፕ ቤተሰብ ሠራ። አታሪ፣ ኒንቴንዶ፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ማይክሮ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው።

ተማሪ፦ ብልሃት ያሉት ምን ዓይነት ነው? አንዱን ልይ።

መምህር፦ መደመሪያውን እንይ። ሰባትና ስምንት ስትደምሪ "አምስት ጽፌ አንድ ይዤ" ትያለሽ። ቺፑም እንደዚሁ ነው፤ "አንድ ይዤ" የሚለው ምልክት ከቢት ወደ ቢት ስምንት ረድፍ ይጓዛል። የመደመርን ፍጥነት የሚወስነው የእሱ ጉዞ ነው። በየረድፉ የሚያልፍበት ሎጂክ ግን ይገለብጠዋል፤ 1 የነበረው 0 ሆኖ ይወጣል። የተለመደው መፍትሔ በየረድፉ አንድ ገልባጭ ጨምሮ ማቃናት ነው። ያ ደግሞ ቦታም ጊዜም ይበላል። የ6502 ሰዎች ምልክቱን እንደተገለበጠ ተዉት፤ ቀጣዩን ረድፍ ግን የተገለበጠ ምልክት እንዲቀበል አድርገው ነደፉት። ከእሱ የሚቀጥለው ደግሞ የቀናውን ይቀበላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ስምንቱ ረድፎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ፣ መደመሪያው ጋ ስትደርሺ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ረድፎች ይለያያሉ። ምክንያቱን ሳታውቂ ብታዪው ግራ ያጋባል፤ ስታውቂው የቸኮለ ሰው ያልሠራው መሆኑን ትረጃለሽ።

ተማሪ፦ ይህ ደስ ይላል፣ መምህር፤ ግን አሁንም የነዳፊዎቹ ምሥጢር ነው። እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። የምጽፈው ለመመሪያው ነው እንጂ ለሲሊከኑ አይደለም። መመሪያው የሚለውን ካደረገ ከሥር ምን እንዳለ ባላውቅ ምን ይጎድልብኛል? ሥልጣኔ ማለት እኮ ሌላው የሠራውን አምኖ በላዩ መገንባት ነው።

መምህር፦ እሱ እውነት ነው፤ አልክድሽም። ሁሉን ከሥሩ ካላየሁ የሚል ሰው አንድ መስመር አይጽፍም። ግን መመሪያው ዝም ያለበት ቦታ አለ። እስኪ እንሞክረው። የ6502 ትእዛዝ ስምንት ቢት ነው፤ ስንት ልዩ ልዩ ትእዛዝ ሊኖር ይችላል?

ተማሪ፦ 256።

መምህር፦ መመሪያው የሚያውቃቸው 151 ብቻ ናቸው። 105 ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም። 165 "ከሜሞሪ አንብበህ አኪውሙሌተር ውስጥ አስገባ" ነው። 166 "ከሜሞሪ አንብበህ ኤክስ ውስጥ አስገባ" ነው። 167 መመሪያው ላይ የለም። ለፕሮሰሰሩ 167 ብትሰጪው ምን ያደርጋል?

ተማሪ፦ ስህተት ነው ብሎ ያቆማል።

መምህር፦ ስህተት ነው የሚል ሎጂክ ቺፑ ላይ አለ? ለእያንዳንዱ ያልታወቀ ቁጥር ጠባቂ ማቆም ትራንዚስተር ይጠይቃል፤ ትራንዚስተር ቦታ ይበላል፣ ቦታ ደግሞ ገንዘብ ነው። አላቆሙም። የሚፈታውን ክፍል ልንገርሽ፦ 130 መስመሮች አሉት። 21 ምልክቶች ይገቡለታል፤ የትእዛዙ ቢቶችና የትእዛዙ ስንተኛ ምት ላይ እንዳለን የሚናገሩ ምልክቶች። እያንዳንዱ መስመር የሚፈልገውን ቢት ሲያገኝ ብቻ ይነሳል። የማያስፈልገውን ቢት አይመለከትም። አሁን ቁጥሮቹን በሁለትዮሽ ጻፊያቸው።

ተማሪ፦ 165 ማለት 10100101። 166 ማለት 10100110። 167 ማለት 10100111። የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች ብቻ ነው፤ 01፣ 10፣ 11።

መምህር፦ የአኪውሙሌተሩ መስመሮች የመጨረሻውን ቢት ያያሉ። የኤክሱ መስመሮች ከእሱ በፊት ያለውን ያያሉ። አንዱ የሌላውን ቢት አይመለከትም።

ተማሪ፦ ቆይ... 11 ሲሆን ሁለቱም የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ሁለቱም ይነሳሉ። ስለዚህ ከሜሞሪ የመጣው ቁጥር አኪውሙሌተርም ውስጥ ኤክስም ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገባል!

መምህር፦ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ማንም ያልነደፈው ትእዛዝ ነው፤ ይሠራል። የጌም ጸሐፊዎች በሙከራ አግኝተውት ተጠቅመውበታል። ሌሎቹን ደግሞ ሲሞክሩ ቺፑ ደርቆ እስኪያስነሱት ድረስ የማይንቀሳቀስባቸው 12 ቁጥሮች አገኙ። ለዓመታት ይህ ሁሉ በዝርዝር ተመዝግቦ ነበር፤ "ይህን ብትሰጠው ይህን ያደርጋል" እየተባለ። ለምን እንደሆነ በመስመሩ ላይ ጣት ተደርጎ የታየው ግን ሲሊከኑ ከታየ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ መመሪያው የማያውቀውን አሁን በሁለት ደቂቃ ከአሠራሩ አወጣሽው። ከሥር ያለውን ማወቅ የሚሰጠው ይህን ነው።

ተማሪ፦ እንዲህ ከሆነ ፎቶው ማስረጃም ይሆናላ። ማን ምን እንደቀየረ፣ ማን ከማን እንደቀዳ...

መምህር፦ ይሆናል። ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ የጌም ማሽን ፕሮሰሰር ሪኮ በተባለ የጃፓን ኩባንያ የተሠራ ነው። 6502 በአሥር ቤት ቁጥር መደመር ይችል ነበር፤ የሪኮው አይችልም። ሲሊከኑ ሲታይ የአሥር ቤቱ ሎጂክ አብዛኛው በቦታው አለ፤ ጥቂት ትራንዚስተሮች ብቻ ተነስተው ግንኙነቱ ተቋርጧል። መቅዳትን በተመለከተ ደግሞ ፋጂን ኢንቴልን ትቶ ዚሎግን አቋቋመና በ1976 ዜድ80ን ሲያወጣ፣ አብሮት የነበረው ሺማ ንድፉ ውስጥ ወጥመድ አስቀመጠ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ተራ ትራንዚስተር የሚመስሉ፣ አሠራራቸው ግን ሌላ የሆነ። ፎቶ አንስቶ የቀዳ ሰው የማይሠራ ቺፕ ይወጣለታል።

ተማሪ፦ እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሳልናገር አላልፍም። 167ን መፍታት አስደስቶኛል። ነገር ግን የዛሬ ፕሮሰሰር ትእዛዞችን ከተራቸው ውጭ ይፈጽማል፣ ገና ያልደረሰበትን ይገምታል፣ በውስጡ ብዙ ደረጃ ሜሞሪ አለው። 6502ን ጠንቅቄ ባውቅ ከእነዚህ አንዱንም አላውቅም። ታዲያ ያወቅሁት ነገር የት ያደርሰኛል?

መምህር፦ ትክክል ነሽ፤ እነዚያን አያስተምርሽም። የት እንደሚያደርስ ግን የሆነውን ልንገርሽ። በእንግሊዝ ካምብሪጅ ኤኮርን የሚባል ኩባንያ በ1981 ቢቢሲ ማይክሮን በ6502 ሠራ። መሐንዲሶቹ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር 6502ን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁት ነበር። ቀጣዩ ኮምፒውተራቸው የበለጠ ፈጣን ፕሮሰሰር ያስፈልገው ነበር፤ በገበያ ያሉትን ሞከሩ፣ አልወደዷቸውም። በ1983 ወደ አሜሪካ፣ አሪዞና ሄደው ቢል ሜንሽ ያቋቋመውን መሥሪያ ቤት ጎበኙ። ብዙ ሕንፃና ብዙ መሐንዲስ ሲጠብቁ ያገኙት ጥቂት ሰው ነው፤ አዲስ ፕሮሰሰር እየነደፈ።

ተማሪ፦ እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን አሉ።

መምህር፦ በተግባር ያሉት እሱን ነው። ዊልሰን የትእዛዞቹን ዝርዝር አወጣች፤ አሠራሩንም ቢቢሲ ቤዚክ በሚባለው ቋንቋ ጽፋ በዚያው ባለ 6502 ኮምፒውተር ላይ ሞከረችው። ፈርበር ንድፉን ሠራ። ቺፑ ተሠርቶ በኤፕሪል 1985 ደረሳቸውና በመጀመሪያው ቀን ሠራ። 25,000 ገደማ ትራንዚስተር ነበረው፤ በዚያው ዘመን ከነበሩት ታላላቅ ፕሮሰሰሮች ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ስሙ አርም ነው። የእጅ ስልክሽ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የእሱ ዘር ነው።

ተማሪ፦ ያ ድፍረት ብቻ ነው ወይስ ዕውቀት?

መምህር፦ ከዕውቀት የመጣ ድፍረት ነው። ፕሮሰሰር ሰው የሚሠራው ነገር መሆኑን በጆሮአቸው ሳይሆን በእጃቸው ያውቁታል። አንዱን ከላይ እስከ ታች ያየ ሰው ሁለተኛውን ሲያይ የሚጠይቀውን ያውቃል፦ ትእዛዙ የት ይፈታል? ቁጥሩ የት ይያዛል? ምን ለመቆጠብ ብለው እንዲህ አደረጉ? ትልቁን ማሽን ባይጨርሰውም አይፈራውም። በትምህርት ቤቶቻችን ያሳስበኝ የነበረውም ይህ ነው። ለተማሪው መጠቀሚያውን እናሳየዋለን፤ ቁልፉን ተጭኖ ሲሠራለት ያልፋል። ሠሪ ግን የሚወጣው ቢያንስ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ካወቁት መካከል ነው።

ተማሪ፦ ፋብሪካ የለንም፣ መምህር። ዛሬ አንድ የቺፕ ፋብሪካ ቢሊዮን ዶላሮች ይፈጃል።

መምህር፦ ኤኮርንም ፋብሪካ አልነበረውም፤ ሲሊከኑን የሠራለት ሌላ ኩባንያ ነው። ንድፍ ወንበርና ኮምፒውተር ነው የሚፈልገው። 6502ን በፕሮግራም በሚደራጅ ቺፕ ላይ እንደገና የገነቡ ተማሪዎች በየአገሩ አሉ። በ2010 በካሊፎርኒያ በርክሊ የተጀመረው ሪስክ ፋይቭ ደግሞ የትእዛዝ ዝርዝሩን ለማንም በነፃ ክፍት አድርጓል፤ ፈቃድ ሳይገዙ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ፕሮሰሰር መንደፍ ይቻላል። በሩ ያኔ ከነበረው ይልቅ ዛሬ ሰፊ ነው።

ተማሪ፦ እንግዲያው አቋሜን ላስተካክል። ሌላው የሠራውን አምኖ በላዩ መገንባት ያስፈልጋል፤ ይህን አልለቅም። ነገር ግን ማመንና ጭራሽ አለመጠየቅ አንድ እንዳልሆኑ ገብቶኛል። እስከዛሬ "ፕሮሰሰሩ ውስጥ" ስል "ማንም የማያውቀው ቦታ" ማለቴ ነበር። ከእንግዲህ "እኔ ገና ያላየሁት ቦታ" እላለሁ።

መምህር፦ ከዚህ በላይ አልጠየቅሁሽም። ምን ልታዪ አሰብሽ?

ተማሪ፦ 165ን ከመነሻው እስከ መድረሻው። ትእዛዙ ሲነበብ፣ አድራሻው ሲነበብ፣ ቁጥሩ ሲመጣ ሦስት ምት ነው። በየምቱ ከ130ዎቹ መስመሮች የትኞቹ እንደሚነሱ በሥዕሉ ላይ እየተከተልኩ እጽፋለሁ። እሱን ስጨርስ ቺፑን የሚያደርቁትን አሥራ ሁለት ቁጥሮች አንድ በአንድ እሄድባቸዋለሁ፤ ለምን እንደሚደርቅ ከመስመሮቹ ካወጣሁ፣ ለእርስዎ ሳይሆን ከእኔ ጋር ለሚሠሩት ልጆች ነው የማስረዳው።